የቃል ታሪክ ቀረጻዎች አጠባበቅና ተደራሽነት፦ ከጫግኒና ከአዊ አካባቢ አንጻር የቀረበ ዳሰሳ

ጉዳዩና ወሰኑ

የቃል ታሪክ ቀረጻ አንድ ሰው ያየውን፣ የሠራውን ወይም ከአባቶቹ የሰማውን በራሱ አንደበት ሲናገር በድምፅ ወይም በምስል የተያዘ ምስክርነት ነው። በውስጡ ሁለት ዓይነት ዕውቀት ይገኛል። አንደኛው ተራኪው በዕድሜው የደረሰበት ነገር ነው፤ ወረራው፣ ረሃቡ፣ ሰፈራው፣ የመሬት አዋጁ። ሁለተኛው ከእሱ በፊት የነበሩት ያወረሱት ነው፤ የዘር ቆጠራ፣ አገር የማቅናት ትረካ፣ የድንበርና የደም እርቅ ሥርዓት። የመጀመሪያው ተራኪው ካለፈ በኋላ ዳግመኛ አይገኝም። ሁለተኛው ከሌላ ሰው አፍ ሊሰማ ይችላል፤ ሆኖም በየተራኪው መልኩን ስለሚለውጥ አንዱ ቀረጻ ለሌላው ምትክ አይሆንም።

ድምፁ በጽሑፍ ሊተካ የማይችልበት ምክንያትም ግልጽ ነው። ፎካሪ ትንፋሹን የሚሰበስብበት ቦታ፣ አልቃሽ የሟቹን ስም ስትጠራ ድምጿን የምታነሣበት መንገድ፣ ሽማግሌ ለጥያቄ ከመመለሱ በፊት ዝም የሚልበት ጊዜ፣ ሁሉም የምስክርነቱ አካል ናቸው። ጽሑፍ የተባለውን ይይዛል፤ እንዴት እንደተባለ የሚያሳየው ድምፁ ነው።

እነዚህን ቀረጻዎች ለረጅም ጊዜ ማቆየት ማለት ሳይበላሹ በመደርደሪያ ላይ ማኖር ብቻ አይደለም። ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚመጣ ሰው አራት ነገሮች ያስፈልጉታል፦ ቀረጻው መኖሩን ማወቅ፣ ማን፣ መቼና የት እንደተናገረው መረዳት፣ ድምፁን መክፈት መቻል፣ ለመስማትም ፈቃድ ማግኘት። ከአራቱ አንዱ ከጎደለ ቀረጻው ቢኖርም እንደጠፋ ይቆጠራል። ስለዚህ ቀረጻን በሕይወት የሚያቆየው ዋናው ነገር ርክክብ ነው፤ ከመሣሪያ ወደ መሣሪያ፣ ከሰው ወደ ሰው፣ ከተቋም ወደ ተቋም የሚደረግና የማይቋረጥ ርክክብ።

ድምፅ በኢትዮጵያ መቀረጽ ከጀመረ ወዲህ

የኢትዮጵያውያን ድምፅ በመሣሪያ መያዝ ከጀመረ ከመቶ ሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። በ1898 እ.ኤ.አ የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዐፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ በፎኖግራፍ የተቀረጸ መልእክት ላኩ። መልእክቱ ከተሰማ በኋላ እንዲጠፋ ታዝዞ ስለነበር ጠፋ። ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌይቱ በመልሱ ያስቀረጹት ድምፅ ግን በብሪታንያ ተጠብቆ ዛሬም ይሰማል። ሁለቱ መልእክቶች በአንድ ዘመን፣ በአንድ ዓይነት መሣሪያ የተያዙ ነበሩ። ዕጣቸውን የለየው አንደኛውን ለማስቀመጥ ኃላፊነት የወሰደ ሰው መገኘቱ ነው።

በ1906 እ.ኤ.አ በኤኖ ሊትማን መሪነት ወደ አክሱም የመጣው የጀርመን ተመራማሪ ቡድን በሐኪሙ በኤሪክ ካሽኬ አማካይነት ዜማና ንግግር በሰም ሲሊንደር ላይ ቀርጿል። ቅሪቱ በ1900 እ.ኤ.አ በተመሠረተው የበርሊን የፎኖግራም ማኅደር ተቀምጧል። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴም በ1900 ዓ.ም አካባቢ በጀርመን አገር ዘፈናቸውን በሸክላ አስቀርጸዋል። ከነዚህ ቀደምት ቀረጻዎች ታሪክ አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል፤ እስከ ዛሬ ከደረሱት ብዙዎቹ የቆዩት ከአገር ውጭ ባሉ ክምችቶች ነው። ያቆያቸው ቋሚ ሠራተኛ፣ መዝገብና በጀት ያለው ተቋም ነው።

የማግኔት ቴፕ ሲመጣ ቀረጻ ከቤተ መንግሥትና ከጉዞ ቡድን ወጥቶ ወደ ተመራማሪውና ወደ ሬዲዮ ጣቢያው ገባ። የሙዚቃ ተመራማሪዋ ጂን ጄንኪንስ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ በኢትዮጵያ ተዘዋውራ የሕዝብ ሙዚቃ ቀርጻለች። በ1963 እ.ኤ.አ የተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ይበልጥ የሚታወቀው በብራናና በመጻሕፍት ሀብቱ ቢሆንም የድምፅ ቀረጻዎችንም ይዟል። ከ1963 እስከ 1977 እ.ኤ.አ ከአዲስ አበባ ያሰራጭ የነበረው የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮና የመንግሥቱ ሬዲዮ ለዓመታት ብዙ ቴፕ ሞልተዋል። ሆኖም በዓለም ዙሪያ ሬዲዮ ጣቢያዎች ቴፕ ውድ ስለነበር የቆየውን ደምስሰው በላዩ ይቀርጹ እንደነበር ይታወቃል።

በ1963 እ.ኤ.አ ፊሊፕስ ያወጣው ትንሹ ካሴት ደግሞ መቅረጽን ወደ እያንዳንዱ ቤት አስገባ። በደርግ ዘመንና ከዚያም በኋላ በጎጃም ገጠር ከተሞች ባለ ሁለት ካሴት ቴፕ ያለው ቤት ሠርግ፣ ቀረርቶ፣ ልቅሶና ተዝካር ይቀርጽ ነበር። ወደ ሩቅ አገር የሄደ ዘመድ የቤተሰቡን ድምፅ በካሴት ይቀበል ነበር። ማንም የታሪክ ሰነድ ብሎ ያልቀረጻቸው እነዚህ ካሴቶች ዛሬ የዚያን ዘመን የጎጃም ገጠር ከራሱ አንደበት የሚሰማባቸው ዋና ምንጮች ሆነዋል።

ምሁራንም በዚህ መንገድ ትልልቅ ሥራዎችን ሠርተዋል። ፈቃደ አዘዘ በ1998 እ.ኤ.አ ባሳተሙት የድርቅና የረሃብ ቃል ግጥም ጥናት የገበሬዎችን ድምፅ ለንባብ አብቅተዋል። ጌቴ ገላዬ በ2000 እ.ኤ.አ ስለ አምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት የተገጠሙ የምሥራቅ ጎጃም ገበሬዎችን ቃል ግጥሞች አሳትመዋል። በባሕሩ ዘውዴ አዘጋጅነት በ2010 እ.ኤ.አ የወጣው የኢትዮጵያ ተማሪዎች ንቅናቄ የቃል ታሪክ ደግሞ የንቅናቄው ተሳታፊዎች በ2005 እ.ኤ.አ ተሰብስበው ያደረጉት ውይይት በጽሑፍ የተገለበጠበት ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ትምህርት ክፍል የሚሠሩ የመመረቂያ ጽሑፎች በመጨረሻ ገጾቻቸው የመረጃ ሰጪዎችን ስም፣ ዕድሜና ቃለ መጠይቅ የተደረገበትን ቀን መዘርዘር የቆየ ልማዳቸው ነው። ዝርዝሩ በቤተ መጻሕፍት ሲቀመጥ ካሴቱና ማስታወሻው ግን በአብዛኛው በተመራማሪው ቤት ይቀራል። ከአንድ ሽማግሌ የተገኘው የሁለት ሰዓት ምስክርነት ለአንባቢ የሚደርሰው እንደ አንድ የግርጌ ማስታወሻ ነው።

ጫግኒና በዙሪያዋ ያለው የቃል ቅርስ

ጫግኒ በአማራ ክልል በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን የጓንጓ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ቀድሞ በጎጃም ክፍለ ሀገር የመተከል አውራጃ መቀመጫ ነበረች። ከ1983 ዓ.ም በኋላ የመተከል ሰፊ ክፍል ወደ ቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልል ሲካተት የዞኑ መቀመጫ ግልገል በለስ ሆነ፤ ጫግኒ ግን በአማራ ክልል ቀረች። ስለዚህ የከተማዋ ታሪክ በሁለት ክልሎች መዝገብ ተከፍሏል። አዛውንቶቿ የሚያስታውሱት የአውራጃ ገበያና ፍርድ ቤት ተገልጋዮች ዛሬ በመተከል ዞን በማንዱራ፣ በድባጤ፣ በቡለንና በዳንጉር የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። በከተማዋና በዙሪያዋ አማርኛ፣ አዊኛ፣ ጉሙዝኛ፣ ሺናሽኛና ኦሮምኛ ይነገራል።

ከዚህ አካባቢ የቃል ቅርስ በሰፊው የሚታወቀው የሰባት ቤት አገው አመጣጥ ትረካ ነው። ትረካው ከላስታ ስለመጡ ሰባት ወንድማማቾች ይናገራል፤ ቤቶቹም አንከሻ፣ ባንጃ፣ ዚገም፣ ኳኩራ፣ ጫራ፣ አዘናና መተከል ተብለው ይቆጠራሉ። የወንድማማቾቹ ቅደም ተከተልና የሠፈሩበት ቦታ ከተራኪ ተራኪ ይለያያል። ለታሪክ አጥኚ ይህ ልዩነት ራሱ ማስረጃ ነው፤ እያንዳንዱ ቤት ራሱን ከሌላው ጋር የሚያዛምድበትን መንገድ ያሳያል። ስለዚህ ጥሩ ማኅደር አንዱን ትረካ መርጦ «ትክክለኛው» ብሎ ሌላውን አይጥልም፤ ሁሉንም ከነተራኪዎቻቸው ያስቀምጣል። ታደሰ ታምራት በ1988 እ.ኤ.አ ስለ አገው ሕዝብ ውሕደት ታሪክ ባሳተሙት ጥናት የጽሑፍ ምንጮችንና የቃል ትውፊትን አገናኝተው አይተዋል።

በ1932 ዓ.ም እንደተመሠረተ የሚነገርለት የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበርም በየዓመቱ ጥር 23 በእንጅባራ በሚከበረው በዓሉ ይታወቃል። በዓሉ በዓድዋና በአምስቱ ዓመት ተጋድሎ የተሳተፉትን አርበኞችና ፈረሶች ያስታውሳል። ዛሬ በየዓመቱ በምስል ይቀረጻል፤ ሆኖም ሰልፉን መቅረጽና የአንድን ፈረሰኛ ሽማግሌ ሕይወት በዝርዝር ጠይቆ መቅረጽ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው።

አካባቢው በአገር ታሪክ ውስጥ ያለው ቦታም ብዙ ምስክርነት ይጠይቃል። ሮበርት ቺዝማን ከ1925 እስከ 1934 እ.ኤ.አ በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ ኖሯል፤ ስለ ጣናና ዓባይ የጻፈው መጽሐፍ በ1936 እ.ኤ.አ ታትሟል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጥር 1933 ዓ.ም ከሱዳን ድንበር ተነሥተው ሲገቡ የመጀመሪያ ማረፊያቸው ከጫግኒ ሰሜን ምዕራብ ያለው የበላያ ተራራ ነበር። ስለዚህ ጣልያንን የማስወጣት ዘመቻ የእንግሊዝ መኮንኖች ብዙ ጽፈዋል። መንገድ የመራው ማን ነበር? ስንቅ የተሸከመውስ? መንደሮቹ ያን ጊዜ እንዴት አለፉት? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልሱ በዋነኝነት ያለው በአገውና በጉሙዝ ቤተሰቦች ትዝታ ውስጥ ነው።

ከ1977 ዓ.ም ጀምሮ ደግሞ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከወሎ፣ ከሸዋ፣ ከከምባታና ከሐዲያ ወደ መተከል ሠፈሩ፤ በፓዊም በጣልያን እርዳታ የጣና በለስ ፕሮጀክት ተጀመረ። ወልደ ሥላሴ አቡቴ በ2004 እ.ኤ.አ፣ ፀጋ እንዳለው በ2006 እ.ኤ.አ ያሳተሟቸው የመተከል ጥናቶች በአብዛኛው በእነዚህ ሰዎች ቃል ላይ የተመሠረቱ ናቸው። ጉሙዞችና ደገኞች ወዳጅነት የሚያስሩበት የሚቹ ሥርዓትም በጥናት የታወቀው ሥርዓቱን ከኖሩት ሰዎች ተጠይቆ ነው። ሥርዓቱን ያዩ ሰዎች ቁጥር እየቀነሰ ሲሄድ የተቀረጸው ቃል ዋጋ ይጨምራል።

ቀረጻ የሚጠፋባቸው መንገዶች

የመጀመሪያው የቁሱ መበላሸት ነው። ካሴት በፕላስቲክ ጥብጣብ ላይ የተለጠፈ የማግኔት ዱቄት ነው፤ ማጣበቂያው እርጥበት ሲስብ ይለሰልሳል፣ ዱቄቱም ይረግፋል። ሙቀትና እርጥበት ሲገናኙ ሻጋታ ያበቅላሉ። ክረምቱ ረጅምና ዝናባማ በሆነበት በጫግኒ አካባቢ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ በጭስ ቤት ወይም በኩሽና አጠገብ የተቀመጠ ካሴት ለሁለቱም ይጋለጣል። በቤት የተገለበጠ ሲዲም ብርሃንና ሙቀት ያበላሸዋል፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አልነበብ ሊል ይችላል።

ሁለተኛው የማጫወቻው መጥፋት ነው። ካሴቱ ደህና ቢሆንም ጥሩ ማጫወቻ፣ መለዋወጫና የሚጠግን ባለሙያ ከሌለ ድምፁ አይወጣም። ዩኔስኮና የድምፅና የምስል ማኅደራት ዓለም አቀፍ ማኅበር በ2019 እ.ኤ.አ ባወጡት የማስጠንቀቂያ ጥሪ ዋናው አደጋ ይህ መሆኑን ገልጸው፣ ቴፕን ወደ ዲጂታል የማዛወር ሥራ በ2025 እ.ኤ.አ ገደማ እጅግ አስቸጋሪ ወይም የማይቻል እንደሚሆን አስታውቀዋል።

ሦስተኛው በዲጂታል ዘመን የመጣ ነው። በስልክ የተቀረጸ ቃለ መጠይቅ ስልኩ ሲጠፋ ወይም ሚሞሪ ካርዱ ሲበላሽ አብሮ ይጠፋል። ሃርድ ዲስክ በአማካይ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሊያረጅ የሚችል ዕቃ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚበላሸውም ያለ ማስጠንቀቂያ ነው። በቴሌግራም እንደ ድምፅ መልእክት የተላከ ቃል ተጨምቆ ስለሚደርስ ጥራቱ ይቀንሳል። «ኦዲዮ 1»፣ «ኒው ሪከርዲንግ 27» የሚል ስም ብቻ ያለው ፋይል ደግሞ የቀረጸው ሰው ከሌለ የማን ድምፅ እንደሆነ የሚናገር የለም።

አራተኛው የባለቤት ማጣት ነው። ተመራማሪው ሲሞት፣ የፕሮጀክቱ ገንዘብ ሲያልቅ፣ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ሲቀየር ሳጥኑ ከመደርደሪያ ወደ መጋዘን፣ ከመጋዘን ወደ ቆሻሻ ይሄዳል። ከአራቱ መንገዶች ይበልጥ የሚያጠፋው ይህ ነው፤ ጠባቂ ያለው ክምችት የቀሩትን ሦስቱን አደጋዎች በጊዜው አይቶ መከላከል ይችላልና።

ከካሴት ወደ ዲጂታል፤ የቅጂ ሥራ

የቆየን ካሴት ወደ ዲጂታል መገልበጥ የሚጀምረው ካሴቱን በማዘጋጀት ነው። በጀርባው ያሉት ሁለት የፕላስቲክ ጥርሶች ከተሰበሩ በስሕተት በላዩ መቅረጽ አይቻልም። የማጫወቻው ጭንቅላት በአልኮል መጽዳት፣ ማጫወቻውም ፍጥነቱና የጭንቅላቱ አቀማመጥ መስተካከል አለበት። ካሴቱ ሻጋታ ካለው ሳይጸዳ መጫወት ማሽኑንና ሌሎች ካሴቶችን ይበክላል። ሥራው ጊዜ ይጠይቃል፤ የ90 ደቂቃ ካሴት ለመገልበጥ 90 ደቂቃ መጫወት አለበት። ስለዚህ 200 ካሴት ያለው ክምችት ለመገልበጥ ብቻ 300 ሰዓት ይፈልጋል፤ የማዘጋጀትና የማረጋገጥ ሥራው ሲታከልበት ደግሞ ከዚያ ይበልጣል።

ድምፁ የሚቀመጠው ባልተጨመቀ ፋይል ነው፤ በአብዛኛው ዌቭ በሚባለው ዓይነት። ለንግግር ቢያንስ 48 ኪሎ ኸርዝ በ24 ቢት ይመከራል፤ ለቆየ ቴፕ ደግሞ 96 ኪሎ ኸርዝ። በአንድ ቻናል በ48 ኪሎ ኸርዝ የተቀረጸ አንድ ሰዓት 518 ሜጋ ባይት ያህል ይይዛል። የ200 ሰዓት ክምችት በዚህ ስሌት 104 ጊጋ ባይት ገደማ ነው፤ በአንድ ተራ ሃርድ ዲስክ ላይ ብዙ ቦታ አይወስድም። ዛሬ እንቅፋቱ የማከማቻ ቦታ ዋጋ ሳይሆን የሥራው ሰዓትና ተከታታይነት ነው።

ዋናው ፋይል አይነካም። ጫጫታ የተቀነሰበት፣ የተቆራረጠ ወይም ወደ ኤምፒ ስሪ የተቀየረ ቅጂ ለመስሚያ ተለይቶ ይዘጋጃል። ካሴቱም ከተገለበጠ በኋላ አይጣልም። በዛሬ መሣሪያ ያልወጣ ድምፅ በሌላ ጊዜ ሊወጣ ይችላል፤ በሽፋኑ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈው ስምና ቀንም ሰነድ ነው።

አዲስ ቃለ መጠይቅ ሲደረግ የሚወሰድ ጥንቃቄ ኋላ ብዙ ድካም ይቀንሳል። ጸጥ ያለ ክፍል መምረጥ፣ ማይክሮፎኑን ወደ ተራኪው ማቅረብ፣ ስልክም ቢሆን ባልተጨመቀ ዓይነት እንዲቀርጽ ማስተካከል ያስፈልጋል። በመጀመሪያው ደቂቃ የተራኪውን ስም፣ ቦታውን፣ ቀኑንና ጠያቂውን በድምፅ መናገርም ይጠቅማል፤ እንዲህ ከሆነ ፋይሉ ከመዝገቡ ቢለይ እንኳ ማንነቱን ራሱ ይናገራል።

ማከማቻና ምርመራ

በዓለም ማኅደራት የተለመደው ደንብ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማከማቻ፣ አንዱ በሌላ ቦታ የሚል ነው። በጫግኒ ሁኔታ አንዱ ቅጂ በከተማው፣ ሁለተኛው በእንጅባራ ወይም በባሕር ዳር፣ ሦስተኛው በአዲስ አበባ ቢቀመጥ ደንቡ በቦታ በኩል ይሟላል። ለእያንዳንዱ ፋይል የመለያ ቁጥር የሚያወጣ ቀላል ፕሮግራም አለ፤ በየጊዜው ቁጥሩ ተመሳክሮ ከተለወጠ ፋይሉ ተበላሽቷል ማለት ነው፣ ከሌላ ቅጂም ይተካል። ሃርድ ዲስክ በአራት ወይም በአምስት ዓመት ውስጥ በአዲስ ይለወጣል። የፋይሉ ዓይነት ሲያረጅ ወደ አዲስ ዓይነት ይዛወራል። ይህ ሁሉ የዓመት ሥራ ነው፤ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያልቅ አይደለም።

ከአገር ውጭ ቅጂ ማስቀመጥም ያለፈው ልምድ ያረጋገጠው ጥበቃ ነው። በ1973 እ.ኤ.አ የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ሥራ የፊልሙን ቅጂ በአሜሪካ ሚኒሶታ ስላስቀመጠ፣ ዋናው ብራና ከቦታው የጠፋበት መጽሐፍ ዛሬም ሊነበብ ይችላል። በሶማሌዎች ታሪክም በ1988 እ.ኤ.አ ሐርጌሳ በቦምብ ከመደብደቧ በፊት የሬዲዮ ሐርጌሳ ቴፖች ከከተማው ወጥተው ተደብቀው ስለነበር ብዙው ተርፏል፤ ዛሬ በዚያች ከተማ ያለ የባህል ማዕከል ከ10,000 በላይ ካሴቶች ሰብስቧል። ለአነስተኛ ቋንቋዎች የቆመው በአደጋ ላይ ያሉ ቋንቋዎች ማኅደርም ከ2002 እ.ኤ.አ ጀምሮ በለንደን ቆይቶ በ2021 እ.ኤ.አ ወደ በርሊን ተዛውሯል። ማኅደር ራሱ ቤት ሊለውጥ እንደሚችልና በዚያ ጊዜ ሁሉም ቅጂ አብሮ መሻገር እንዳለበት ይህ ያሳያል።

መግለጫ መረጃ፣ ግልባጭና ቋንቋ

እያንዳንዱ ቀረጻ ከራሱ ጋር የሚጓዝ መግለጫ ያስፈልገዋል። ዝቅተኛው ይዘት የተራኪው ስም ወይም ስሙ የማይገለጽ ከሆነ መለያ ቁጥሩ፣ የትውልድ ዘመኑና ቦታው፣ የቃለ መጠይቁ ቀንና ቦታ፣ ጠያቂውና አስተርጓሚው፣ ቋንቋው፣ የተነሡት ጉዳዮች፣ የፈቃዱ ደረጃና የዋናው ካሴት ቁጥር ነው። ቀኑ በኢትዮጵያና በአውሮፓ አቆጣጠር ቢመዘገብ ኋላ አያሳስትም። የቦታ ስም በዛሬውም በቀድሞውም አስተዳደር መጻፍ አለበት፤ «ጫግኒ፣ መተከል አውራጃ» የሚለውና «ጫግኒ፣ አዊ ዞን» የሚለው አንድ ከተማ መሆኑን የሚያውቀው የዛሬ ሰው ነው።

ግልባጭ በተራኪው ቋንቋ ይሠራል። በአዊኛ የተነገረውን በቀጥታ ወደ አማርኛ ጽፎ አዊኛውን መተው ማስረጃውን ያሳንሰዋል። አዊኛ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚሰጥና በአማራ ብዙኃን መገናኛ የሚሰራጭ ቋንቋ ስለሆነ መገልበጥ የሚችሉ ወጣቶች አሉ። የሮበርት ሄትስሮን የ1969 እ.ኤ.አ የግሥ ጥናትና የአንድሬያስ ዮስዊግ የድምፅ ሥርዓት ጥናት ለአጻጻፉ መነሻ ይሆናሉ።

ግልባጩ የሚጻፍበት ፊደልም ራሱን የቻለ አደጋ አለው። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ዓ.ም በቪዥዋል ግዕዝና በመሳሰሉት የቀድሞ ፎንቶች የተተየቡ ሰነዶች ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈቱ የማይነበብ ምልክት ይሆናሉ። የግዕዝ ፊደል ከ1999 እ.ኤ.አ ጀምሮ ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደል ሥርዓት ውስጥ ገብቷል፤ ለአዊኛ የሚያስፈልገው «ጘ» እንኳ አለበት። ስለዚህ የቆዩ ግልባጮች ሁሉ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ አለባቸው።

የረጅም ቃለ መጠይቅን ሙሉ ግልባጭ ለመሥራት አቅም ካልተገኘ የጊዜ ማውጫ ይበቃል፤ «12፡30 ስለ በላያ ዘመቻ፣ 27፡05 ስለ ጫግኒ ገበያ» የሚል። በአሜሪካ የኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ ከ2008 እ.ኤ.አ ጀምሮ ያበለጸገው መሣሪያ የዚህን ዓይነት ማውጫ ከድምፁ ጋር ያገናኛል፤ አድማጭ ቃሉን ፈልጎ በቀጥታ ወደ ተነገረበት ደቂቃ ይሄዳል።

ፈቃድ፣ ሕግና ደኅንነት

ተራኪው ቃሉን ሲሰጥ ለማን፣ ለምንና እስከ መቼ እንደሚሰጥ ማወቅ አለበት። ፈቃዱ በጽሑፍ ወይም፣ ማንበብ ለማይችል ሰው፣ በቀረጻው መጀመሪያ በድምፅ ይወሰዳል። ሦስት ደረጃዎች ይበቃሉ፦ ለሁሉም ክፍት፣ ለአካባቢው ሰዎችና ለተመራማሪዎች ብቻ፣ ለተወሰነ ዘመን የተዘጋ። በአውስትራሊያ የዋሩሙንጉ ማኅበረሰብ ከ2007 እ.ኤ.አ ጀምሮ የተገለገለበት ሙኩርቱ የሚባል የማኅደር ፕሮግራም እንዲህ ያለውን የማኅበረሰብ ደንብ በየቀረጻው ላይ ያስቀምጣል።

በጫግኒ ይህ ሥነ ሥርዓት ብቻ ሆኖ አይቀርም። የመተከል ድንበር የባሪያ ፈንጋይ ዘመንን ትዝታ ይዟል፤ አብዱሰመድ ሐ. አህመድ በ1999 እ.ኤ.አ ስለዚህ ንግድ ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት ታሪኩ እስከ 1930ዎቹ እ.ኤ.አ ይዘልቃል፤ የቤተሰብ ስሞችም አብረውት ይነሣሉ። በ2013 ዓ.ም ደግሞ ከመተከል የተፈናቀሉ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በጫግኒ ራንች መጠለያ ነበሩ። ከእነርሱ የተወሰደ ወይም የሚወሰድ ምስክርነት ስምን፣ መንደርንና የደረሰውን ይይዛል፤ ያለ ጥንቃቄ ከወጣ ተናጋሪውን ወይም ዘመዱን ለአደጋ ያጋልጣል። እንዲህ ያለው ቀረጻ ስሙ ተለይቶ፣ በቁጥር ተመዝግቦ፣ ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ ይቀመጣል። መዝጋት ከማጥፋት ይለያል፤ የተዘጋው ጊዜው ሲደርስ ይከፈታል።

ሕጉም ማዕቀፍ ይሰጣል። አዋጅ ቁጥር 209/1992 በእጅ የማይዳሰሱ ሆነው የሚታዩና የሚሰሙ ቅርሶችን ያውቃል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የከዋኞችንና የድምፅ ሪከርዲንግ አዘጋጆችን መብት ይጠብቃል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰውን ግላዊ መረጃ ስለመሰብሰብና ስለመጠቀም ይደነግጋል። ኢትዮጵያ በ2006 እ.ኤ.አ ያጸደቀችው የዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች ስምምነትም ማኅበረሰቡ በቅርሱ መዝገብ ሥራ እንዲሳተፍ ይጠይቃል።

ተደራሽነት

ቀረጻ የሚጠቅመው ከተሰማ ነው። ተመራማሪ ከጫግኒ ሰብስቦ አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ያስቀመጠው ድምፅ ለተናጋሪው ልጅ ካልደረሰ ባለቤቱ ተነፍጎታል ማለት ነው። የቀረጻውን ቅጂ ለተራኪው ቤተሰብ መስጠት የመጀመሪያው ተደራሽነት ነው፤ ይህ ከሁሉ ርካሹ መጠባበቂያም ነው።

ለሕዝብ ክፍት የሆነው ክፍል በትምህርት ቤትና በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በኮምፒውተርና በጆሮ ማዳመጫ ሊሰማ ይችላል። የአዊኛ መምህራን ከቀረጻው የንባብና የማዳመጥ ትምህርት ሊያወጡ ይችላሉ። የሬዲዮ አዘጋጆች ከፈቃድ ጋር ሊያሰራጩት ይችላሉ። ኢንተርኔት ስርጭቱን ያሰፋል፤ ነገር ግን ብቸኛ መንገድ ሊሆን አይገባም። ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር ሲታሰብ፣ በከተማው ውስጥ ያለ መስመር የሚሰማ ቅጂ መኖሩ አስፈላጊ እንደሆነ ይታያል።

የኃላፊነት ክፍፍል

ለአንዲት ወረዳ ከተማ ትልቅ ሕንፃ የግድ አይደለም። የሚያስፈልጋት በስም የታወቀ ጠባቂ፣ የጽሑፍ መዝገብና ከሌሎች ጋር የተፈረመ የርክክብ ስምምነት ነው። የወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ተራኪዎችን መለየትና ፈቃድ መውሰድ ይችላል። ከ2010 ዓ.ም ጀምሮ የሚያስተምረው እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ካሴት መገልበጫ ክፍል፣ የሠለጠኑ ተማሪዎችና የዓመት ምርመራ ሊኖረው ይችላል። በ1936 ዓ.ም የተመሠረተውና በኋላ በአዋጅ ቁጥር 179/1991 ዳግም የተቋቋመው የብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ተቋም ሦስተኛውን ቅጂ መያዝ ይችላል። መተከልን የሚመለከተው ቃል ቅጂ ለቤንሻንጉል ጉሙዝ ተቋማትም መድረስ አለበት፤ አንድ ታሪክ በሁለት ክልል የተካፈለ ስለሆነ ጥበቃውም የጋራ ነው።

ዩኒቨርሲቲዎች በዚህ ላይ አንድ ደንብ ቢያክሉ ብዙ ይተርፋል፤ የመመረቂያ ጽሑፍ ሲያስረክቡ ተማሪዎች የቃለ መጠይቁን ድምፅ፣ የፈቃድ ቅጹንና ማውጫውን አብረው እንዲያስረክቡ። በጡረታ ላይ ያሉ ተመራማሪዎችም በቤታቸው ያለውን ካሴት ዝርዝር ይዘው በሕይወት እያሉ ለማኅደር ቢያስረክቡ፣ ዐውዱን የሚያስረዳ ሰው ከካሴቱ ጋር ይገኛል።

የሥራው ቅደም ተከተል ከዚህ ይከተላል። አስቀድሞ የሚቀረጸው በዕድሜ የገፋውና ሌላ ምስክር የሌለው ተራኪ ነው። ቀጥሎ በቤቶች ያሉት ካሴቶች ማጫወቻ ሳይጠፋ ይገለበጣሉ። ከዚያ በስልኮች ላይ የተበተኑት ፋይሎች ተሰብስበው ስም፣ ቀንና ፈቃድ ይሰጣቸዋል። በመጨረሻም ሦስቱ ቅጂዎች በሦስት ቦታ ከተቀመጡ በኋላ፣ የዓመት ምርመራቸው በተቋሙ መደበኛ በጀት ውስጥ ይገባል፤ ፕሮጀክት ሲያልቅ የሚያልቅ በጀት ርክክብን ሊያስቀጥል አይችልምና።